ስልክ ወይስ ካሜራ? ካፕከት ወይስ ዳቪንቺ? የተማሪ አጭር ፊልም ለምትሠሩ

«አጭር ፊልም ልንሠራ ነው፤ የትኛውን ካሜራ እንከራይ?» ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ የክፍል ሥራ ወይም የመመረቂያ ፊልም ያለባቸው ልጆች ናቸው። መዋጮው ተሰብስቧል፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሷል፣ የቀረው ካሜራ ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቃቸው ሌላ ነው። «ኤዲት የምታደርጉት በማን ኮምፒውተር ነው?»

ምክንያት አለኝ። ተማሪ እያለሁ አራት ሆነን የ10 ደቂቃ ፊልም ሠራን። የአንዱ ጓደኛችን ዘመድ ጥሩ ካሜራ አዋሰን። ደስ አለንና ሁሉንም ነገር በ4ኬ፣ ከተለመደው ኤችዲ አራት እጥፍ ዝርዝር ባለው የምስል ጥራት፣ ቀረጽነው። ቀረጻው ሦስት ቀን ፈጀ። ከዚያ ፋይሉን 4 ጊጋባይት ራም ባላት ላፕቶፕ ከፈትነው። ምስሉ አንድ ሰከንድ ይሄዳል፣ አምስት ሰከንድ ይቆማል። የተዋናይዋ አፍ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ድምፁ ብቻውን ይቀጥላል። የት ጋ መቁረጥ እንዳለብን ማየት አልቻልንም። በግምት ቆርጠን፣ በግምት ቀጥለን አስረከብን። ልጅቷ ያለቀሰችበት ትዕይንት ቀረጻው ላይ ሁላችንንም አስለቅሶን ነበር። ፊልሙ ላይ ግን እንባዋ ሳይወርድ ተቆረጠ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እኔ ምርጫውን ከኋላ ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ፣ ቀጥሎ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ፣ ቀጥሎ ድምፁ። ካሜራው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

ኮምፒውተራችሁ ምን ያህል ይችላል?

እስቲ እናስላው። ለ10 ደቂቃ ፊልም 80 ደቂቃ መቅረጽ ያለ ነገር ነው። አይፎን በ1080ፒ (ፉል ኤችዲ በሚባለው)፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ወይም ነጠላ ምስል፣ በቁጠባ ፎርማቱ ሲቀርጽ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 80 ደቂቃው 5 ጊጋባይት አይሞላም። በ4ኬ ከሆነ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ነው፤ ድምሩ ወደ 14 ጊጋባይት ይጠጋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) ሚረርለስ፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀየር አዲስ ዓይነት ካሜራ ደግሞ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ይበላል። 80 ደቂቃው 60 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ግዴታ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር በሁለት አባዙት።

ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ግን ለኮምፒውተሩ ይቀለዋል ብላችሁ አታስቡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የስልኩ የቁጠባ ፎርማት፣ ኤች.265 የሚባለው፣ ምስሉን በጣም አጥብቆ ነው የሚያሽገው። አሮጌ ፕሮሰሰር እሱን መፍታት ያቅተዋል። ኤች.264 ፋይሉ እጥፍ ያህል ቢሆንም ለአሮጌ ላፕቶፕ የተሻለ ነው። አይፎን ላይ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ፎርማት የሚለውን ከፍታችሁ ከሁሉም መሣሪያ ጋር የሚስማማውን ምረጡ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮችም ይህ ምርጫ አላቸው።

ላፕቶፓችሁ 8 ጊጋባይት ራም ወይም ከዚያ በታች ካለው፣ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድም ከሌለው፣ በ1080ፒ ቅረጹ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሲኒማ ቤት 2ኬ የሚባለው እንኳ 2048 በ1080 ነው፤ ከ1080ፒ የሚበልጠው በጎን ትንሽ ብቻ ነው። የትምህርት ቤታችሁ አዳራሽ ፕሮጀክተር ደግሞ ከዚህ በላይ ላያሳይ ይችላል።

4ኬ የግድ ካስፈለገ ፕሮክሲ የሚባል መላ አለ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፋይል ቀለል ያለ ትንሽ ቅጂ ይሠራል። እናንተ በትንሹ ትቆርጣላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ዋናው ይተካዋል። ይህን በጊዜው ባውቅ ኖሮ ያ ትዕይንት አይበላሽም ነበር።

ዴስክቶፕ ወይስ ላፕቶፕ? በተመሳሳይ ዋጋ ዴስክቶፑ ይፈጥናል። ግን ሰፈራችሁ መብራት የሚያስቸግር ከሆነ እኔ ላፕቶፑን እመርጣለሁ። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ሲጠፋ ያላስቀመጣችሁት ሥራ አብሮት ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው ፊልሙ እየወጣ እያለ 90 በመቶ ላይ ሲጠፋ ነው፤ እንደገና ከዜሮ።

የትኛው ፕሮግራም?

ካፕከት ለብዙ ተማሪ የመጀመሪያው ነው። ስልክ ላይ ይሠራል፣ ለመልመድ አንድ ምሽት ይበቃል። ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚሆን፣ ንግግር የሌለው፣ በሙዚቃ የሚሄድ ፊልም ከሆነ አትጨነቁ፣ በእሱ ሥሩት። ንግግር ሲበዛ ግን ያስቸግራል። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ የአንዱን ድምፅ በሌላው ምስል ላይ ማስቀጠል፣ ከሥሩ የክፍሉን ድምፅ መደርደር፣ ሙዚቃውን ዝቅ ከፍ ማድረግ አለ። በጣት፣ በትንሽ ስክሪን፣ ይህ አድካሚ ነው። አንዳንድ ነገሮቹም የሚከፈልባቸው ናቸው። ካልተጠነቀቃችሁ ይህን የምታውቁት ፊልሙን ልታወጡ ስትሉ ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ለእኔ አንደኛ ምርጫ ነው። ነፃው ቅጂ የሙከራ አይደለም፣ ጊዜው አያልፍም። መቁረጡ፣ ቀለሙ፣ ድምፁ በአንድ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ለተማሪ ፊልም ከሚያስፈልገው ውስጥ ይጎድለኛል የምትሉት ነገር አታገኙም። ችግሩ ከባድ መሆኑ ነው። 16 ጊጋባይት ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ሲያገኝ ነው የሚፈታው። በ8 ጊጋባይት፣ በ1080ፒ፣ በፕሮክሲ ሲሠሩበት አይቻለሁ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ነፃው ቅጂ እዚያ ኤች.264 ፋይል እንደማያነብ ከወዲሁ እወቁት።

ፕሪሚየርን መምህራንም ስቱዲዮዎችም ያውቁታል፤ ሥራ ስትፈልጉ ይጠቅማል። ግን በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ተማሪ ስንት ነው? ስለዚህ ብዙዎች በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ፣ ያልተከፈለበትን የተሰበረ ቅጂ፣ ይጭናሉ። እኔ አልመክርም። የሰው ሥራ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ እኛም ነገ ፊልማችን እንዳይሰረቅ የምንፈልግ ሰዎች ነን። ሁለተኛ፣ ከክራኩ ጋር ቫይረስ ይገባል፣ ቀረጻችሁ ያለውም እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

ላፕቶፑ ሪዞልቭን ጨርሶ እምቢ ካለ ኬደንላይቭና ሾትከት አሉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ቀለል ይላሉ፣ ፕሮክሲም አላቸው። የቀለም ሥራቸው እንደ ሪዞልቭ አይደለም። ንጹሕ ቆርጦ ለመቀጠል ግን ይበቃሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር ቀድማችሁ ሞክሩ። አንደኛው የአማርኛ ፊደል ነው። ርዕሱን ስትጽፉ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ፣ የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው። ኒያላን፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ሞክሩ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ስክሪፕት ካላችሁ ደግሞ ቀድታችሁ ስትለጥፉት የማይነበብ የላቲን ፊደል ነው የሚመጣው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ካላገኛችሁ እንደገና መተየብ ነው። ሁለተኛው ፍሬም ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም እቀርጻለሁ ቢልም አንዳንዴ 29፣ አንዳንዴ 30 ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ለብቻ የተቀዳ ድምፅ ከከንፈር ጋር ቀስ በቀስ ይለያያል። ሃንድብሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ወደ ቋሚ ፍሬም ቀይራችሁ ከጀመራችሁ ይህ ይቀራል።

ድምፅ

ብራችሁን የምታወጡበት ቦታ አንድ ብቻ ከሆነ፣ እዚህ ይሁን። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይችላል። ያልተሰማ ንግግር ግን አይችልም፤ ወዲያው ከጎኑ ካለው ጋር ማውራት ይጀምራል።

የካሜራው ወይም የስልኩ የራሱ ማይክ ሰውየው አንድ ክንድ ያህል ሲቀርብ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለት ሜትር ስትርቁ ሰውየውን ትቶ ክፍሉን ይቀዳል።

ለእኔ ለተማሪ የሚያዋጣው ባለ ገመድ ትንሽ የአንገት ማይክና ትርፍ ስልክ ነው። ማይኩን ተዋናዩ ልብስ ላይ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ። በድምፅ መቅጃ አፕ ትቀዳላችሁ፣ ሾቱ ሲጀመር በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ታጨበጭባላችሁ። ኤዲት ስታደርጉ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ታገጥሙታላችሁ። ሁለት ተዋናይ ካለ ሁለት ማይክ፣ ሁለት ስልክ። ስልኮቹን ከኔትወርክ አውጧቸው፤ ከመሐል ጥሪ ከገባ ቀረጻው ይቋረጣል። ባትሪ ያላቸው አንዳንድ ማይኮች ላይ ለካሜራና ለስልክ የምትቀያየር ትንሽ ማብሪያ አለች። የግማሽ ቀን ድምፅ ያጣሁት እሷን ሳላይ ቀርቼ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ትዕይንት በፊት ቀድቼ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼ ነው የማስጀምረው።

የአንገት ማይክ ጠላቱ ልብስ ነው። ነጠላ የለበሰች እናት ስትቀርጹ፣ ነጠላውን ባስተካከለች ቁጥር ማይኩ ላይ ይንኮሻኮሻል። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፉም እንዲሁ ነው። ማይኩን ነጠላው በማይደርስበት ከቀሚሱ አንገት ሥር፣ በፕላስተር አጣብቁት። ገመዱንም አንድ ጊዜ አጥፋችሁ አብራችሁ አጣብቁት፣ ሲሳብ ማይኩን እንዳይነካው።

ሌላው ምርጫ ረጅሙ ሾትገን ማይክ ነው፣ በእንጨት ተይዞ ከተዋናዩ ራስ በላይ የሚንጠለጠለው። ድምፁ ከአንገት ማይክ የበለጠ ተፈጥሯዊ ነው፣ ልብስም አይነካውም። ውጭ፣ ሜዳ ላይ ግሩም ነው። ጠባብና ባዶ ክፍል ውስጥ ግን ከግድግዳው የሚመለሰውን ሁሉ ይለቅማል። ደግሞም እጁ የማይዝል፣ ከሥራው ዓይኑን የማይነቅል ሰው ይፈልጋል። በቡድናችሁ አምስተኛ ሰው ከሌለ ይቅርባችሁ። ሰው ካላችሁ ግን መያዣ ዘንግ አትከራዩ፤ የመወልወያ እንጨት ይበቃል።

ሽቦ አልባዎቹ ይመቻሉ፣ ዋጋቸውም ይወደዳል። ብትከራዩ ሙሉ ቻርጅ መሆናቸውን እዚያው አረጋግጡ።

ክፍሉ ካስተጋባ ጋቢ አምጡ። ከካሜራው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ጋቢ ስቀሉ፣ ከተዋናዮቹ እግር ሥር ምንጣፍ አንጥፉ። ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ። ፍሪጁን ንቀሉ፤ የቤቱን ቁልፍ ደግሞ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። ስትወጡ ቁልፉን ስትፈልጉ ፍሪጁን መሰካት ታስታውሳላችሁ፤ የሰው ቤት ወጥም አይበላሽም።

የከተማችን ድምፅ ደግሞ በራሱ ሰዓት ነው የሚመጣው። ቅዳሴው፣ አዛኑ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ቆራሌው። አንድ ሾት ላይ «ቆራሌው!» ብሎ አልፎ የሚቀጥለው ሾት ላይ ጸጥ ካለ፣ ቁርጡ ለማንም ይታወቃል። ሲያልፍ ጠብቁ። ትዕይንቱ ሲያልቅም ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ኤዲት ላይ ክፍተቱን የምትሞሉት በእሱ ነው። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር ያለው ትዕይንት አታስቡ። ዝናቡ ከሰዓት ስለሚበዛ ጠዋቱን ለንግግር፣ ከሰዓቱን ንግግር ለሌላቸው ሾቶች አድርጉ።

አሁን ካሜራው

ስልክ ይበቃል ወይ? ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየው የሾን ቤከር ፊልም «ታንጀሪን» በአይፎን 5ኤስ ነው የተቀረጸው። ዛሬ ብዙዎቻችን የያዝነው ስልክ ከዚያ ይሻላል። ግን ስልኩ ላይ ተጨማሪ ሌንስ ገጥመው ነበር፣ ድምፁንም በስልኩ ማይክ አልቀዱትም።

የስልክ ትልቁ ጥቅሙ የእናንተ መሆኑ ነው። የተከራያችሁት ካሜራ ማታ ይመለሳል። ኤዲት ላይ ተቀምጣችሁ «ምነው በሩን ስትዘጋ ቢኖረን» ስትሉ፣ ካሜራው ሌላ ሰው ጋ ነው። ስልኩ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ሄዳችሁ ያችን አንዲት ሾት ታመጣላችሁ። ይህ ነገር የብዙ ተማሪ ፊልም አድኗል። መንገድ ላይም ስልክ ሰው አይሰበስብም።

ጉዳቱም አለው። ማታ ምስሉ ይቆሽሻል፣ ረጅም ሲቀርጽ ይግላል፣ ሚሞሪው ይሞላል። ከሁሉም በላይ በራሱ ይወስናል። ነጭ ግድግዳ ፊት ነጠላ የለበሰ ሰው ስታቆሙ፣ ስልኩ ነጩን ለማስተካከል ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፣ ፊቱ ይጠፋል። ፊቱ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ቆልፉት፣ ከዚያ ብርሃኑን በእጅ አስተካክሉ። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ይንጣ፤ ሰው የሚያየው ፊቱን ነው። ሁሉንም በእጅ ለመቆጣጠር ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነፃ አፕ ለአይፎንም ለብዙ አንድሮይዶችም አለ።

ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው የፎቶ ካሜራ)፣ እንደ ካኖን 700ዲ ያለ፣ አሁንም ይሠራል። ሌንስ መቀየር ትችላላችሁ፣ ከኋላ የደበዘዘ ምስል በቀላሉ ትሰጣለች። ፋይሏም 1080ፒ ስለሆነ አሮጌውን ላፕቶፕ አያስጨንቀውም። ከመከራየታችሁ በፊት የማይክ መግቢያ እንዳለው ዓይታችሁ እመኑ። 700ዲ አለው፤ 2000ዲና 4000ዲ የላቸውም። ሶኒ ኤ6000 የለውም፣ ኤ6400 አለው። ሌንስ ስትመርጡ ሁሉም 50 ሚሊሜትሩን ይመክራችኋል፤ ርካሽ ነው፣ ምስሉ ያምራል። ግን በእነዚህ ካሜራዎች ላይ እንደ 75 ወይም 80 ሚሊሜትር አጥብቦ ነው የሚያሳየው። ሦስት በአራት በሆነ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ላይ ለማስገባት ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል፣ እነሱም አይገቡም። ለቤት ውስጥ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ሌንስ፣ እንደ ካኖኑ 18-55 ያለው፣ ይሻላችኋል።

አዲሶቹ ሚረርለሶች በጨለማም በትኩረትም ይበልጣሉ። ልጁ ሲሮጥ ትኩረቱ አብሮት ይሮጣል። ፊልማችሁ ማታ የሚሆን ከሆነና ላፕቶፑ ከቻለ ተከራዩ። ትርፍ ባትሪ ሳትይዙ ግን አትውጡ።

የትኛውንም ብትይዙ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሌላ ካደረጋችሁ አምፖል ሥር ምስሉ ሊርገበገብ፣ ጥላ ከላይ ወደ ታች ሊፈስበት ይችላል። አይፎን ላይ 25 እንዲመጣ የፓል ፎርማት የሚለውን ማብራት ይጠይቃል። ስልካችሁ 25 ከሌለው 30 ይሁን፣ ሸተሩ ግን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ይቆይ።

ቤት ውስጥ ወይስ ውጭ?

ውጭ ብርሃኑ ነፃ ነው። ግን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች፣ ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ቅረጹ። ካሜራና ትራይፖድ ይዛችሁ መንገድ ላይ ስትቆሙ ጠያቂ አይጠፋም፤ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ቀድማችሁ አጽፉ፣ ለወረዳውም ለፖሊስም አሳዩ።

ቤት ውስጥ አንድ ጥሩ መስኮት ከሦስት መብራት ይበልጣል። ፀሐዩ በቀጥታ ከገባ አቡጀዴ ወጥራችሁበት፤ ብርሃኑ ለስላሳ ይሆናል። አምፖሉን አጥፉ፣ አለዚያ የፊቱ አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል።

ከዋናው ቀረጻ አንድ ሳምንት በፊት፣ የመረጣችሁትን ሁሉ ይዛችሁ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቅረጹ። ሁለት ሰው አስቀምጡና ስለምሳ ያውሩ። ድምፁን አግጥሙ፣ ቁረጡ፣ ርዕሱን በአማርኛ ጻፉ፣ አውጡት። ከዚያ አዳራሹን ለአሥር ደቂቃ አስከፍታችሁ በፕሮጀክተሩ፣ በዚያው ስፒከር እዩት። አንዳችሁ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ንግግሩ እዚያ ካልተሰማ፣ ወይም ርዕሱ ሳጥን ሆኖ ከመጣ፣ ለማስተካከል ገና ሰባት ቀን አላችሁ።